እትዬ የሺ የጠቀለሉት ሣር

የእትዬ የሺን ማረፍ የነገረኝ ከደሴ ሲሚንቶ ጭኖ የመጣ ሹፌር ነው። ጎማው ተንፍሶበት በራችን ላይ ቆሞ ነበር። ውኃ ሰጥቼው እየጠጣ ወሬ ስንጀምር፣ "እናንተ አገር ይሠሩ የነበሩ አንዲት ሴትዮ የኛ ሰፈር ሰው ነበሩ፤ በቀደም ቀበርናቸው" አለኝ።

"ስማቸው ማን ነው?"

"ስማቸውንማ እንጃ። ውሻ አንቱ የሚሉት ሴትዮ ነው የምንላቸው።"

ሌላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ውሻ አንቱ የሚል ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። ሹፌሩ ጎማውን ቀይሮ ሲሄድ እኔ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

በደርግ ጊዜ ላሊበላ ውስጥ ከተወረሱት ትንንሽ ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። እትዬ የሺ ደግሞ ሥራ አስኪያጃችን ነበሩ፤ ከደሴ ተዛውረው የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ረጅም፣ ጠይም ሴት። ስብሰባ ሲኖር የታዘዘውን ካኪ ይለብሱና ከላይ ነጠላቸውን ጣል ያደርጉበታል። ነገር ሲያስቡ የግራ ጆሯቸውን ጫፍ ይጎትታሉ። አዲስ ፍራሽ ሲመጣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እላዩ ላይ ጋደም ይሉና፣ "ይኼ ደግ ነው፤ ይኼኛው ወገብ ይሰብራል፤ መልሱት" ይላሉ። እሳቸው ያልተኙበት አልጋ ላይ እንግዳ ተኝቶ አያውቅም።

ሰው ሁሉ "ጓድ" በሚባልበት በዚያን ጊዜ እሳቸው ማንንም ጓድ ብለው አይጠሩም ነበር። አንድ ካድሬ ይህን ታዝቦ ቢጠይቃቸው፣ "ጓድ ማለት አብሮ የተራበ ነው፤ እኔና አንተ መቼ አብረን ተራብን?" ብለው ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ።

ውሻው ቦራ ይባላል። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው። በአንድ የገና ሰሞን የተሳላሚውን ሕዝብ ተከትሎ መጣና ሕዝቡ ሲመለስ እሱ ቀረ። እትዬ የሺ ያን ቀን የወጥ ቤቱን ፍርፋሪ ሰጥተውት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ከጓሮ አትክልቱ በር አልተነቃነቀም። "ቦራ፣ ይነሡ እንጂ፤ መንገድ ዘጉ እኮ!" ሲሉት እንግዶቹ መጀመሪያ ላይ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ የተቀመጡ ይመስላቸዋል። ለምን አንቱ እንደሚሉት ስጠይቃቸው፣ "የሚያስፈራራኝን ሁሉ አንቱ ስል ውዬ የሚጠብቀኝን አንተ ልበል?" አሉኝ።

ሆቴላችን ከሌላው የሚለይበት ነገር ቢኖር ፊት ለፊቱ ያለችው የሣር መስክ ነበረች። እትዬ የሺ በመጡ በዓመታቸው ከወንዝ ዳር ሰርዶ በአህያ አስጭነው አስተከሏት። ማታ ማታ እንግዶቹ ወንበር አውጥተው ቢራቸውን ይዘው ቁልቁል ሸለቆውን ያዩባታል። ጠዋት ደግሞ ሰው ሳይነሣ እሳቸው በባዶ እግራቸው ይመላለሱባታል፤ ቦራም ከኋላ ከኋላቸው።

ኋላ ግን ዝናቡ ከዳን። አንድ ክረምት ሳይጥል አለፈ፤ የሚቀጥለውም እንደዚያው ሆነ። ምንጩ ቀጠነ፤ የሆቴሉም ጋን እስከ ግማሽ ቢሞላ ነው። የከተማው ሴቶች እንስራና ጀሪካን ይዘው በራችን ላይ መደርደር ጀመሩ። እትዬ የሺ መጀመሪያ ሣሩን በልብስ እጣቢ ውኃ ያስጠጡት ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንንም ተዉና የአትክልቱን ቧንቧ ለሴቶቹ ከፈቱላቸው። "ሣሩ ይታገሠን" አሉ። ሣሩ ግን አልታገሠም። መጀመሪያ ገለባ ሆነ፤ ከዚያም ቦራ እየቆፈረ ተኛበትና አቧራ ሆነ።

ይህን ያየው ጓድ ተፈሪ ነው። ጓድ ተፈሪ ከአውራጃው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊዎች አንዱ ሲሆን ቀጭን፣ ቶሎ የሚደነግጥ ሰው ነበር። ከወዳጅ አገር እንግዶች በአውሮፕላን እንደሚመጡና ምሳቸውን እኛ አትክልት ውስጥ እንደሚበሉ ሊነግረን መጥቶ መስኳን ሲያይ ራሱን ያዘ።

"እትዬ የሺ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"መሬት ነው።"

"ሣሩስ?"

"ሰው ጠጣው።"

ጓድ ተፈሪ ዞር ብሎ ቧንቧው ጋ የተሰለፉትን ሴቶች አየ። አልተቆጣም። "እንግዶቹ ይኼን ማየት የለባቸውም። ድርቅ የሚባል ነገር አይነሣም ተብሏል፤ አንድ ዘዴ እፈልጋለሁ" ብሎ ሄደ። ዘዴው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና መጣ፤ ለአንድ ኤግዚቢሽን ተነጥፎ የተነሣ የላስቲክ ሣር።

ጥቅሉን ስንዘረጋው ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወጣ። አቧራው ላይ እንዲያ ያለ አረንጓዴ ሲፈስ ዓይን ያማል። ወጥ ቤቱ አያ በለጠ አንዱን ዘለላ በጣቱ ቆንጠር አድርጎ ቢጎትተው እምቢ አለው። በመንገድ ሲያልፉ የነበሩ አንድ ቄስ ጠጋ ብለው ከዳር ቆሙና፣ "ልጆች፣ ይኼ ሣር ነው ወይስ ምንጣፍ? ጫማ ይወለቃል?" አሉ።

እኔ ወድጄዋለሁ። ከሁሉም የበለጠ የወደዱት ግን እትዬ የሺ ነበሩ። ጫማቸውን አውልቀው እንደ ድሯቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት።

"ውኃ የማይለምን ሣር! ይኼን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ" አሉ። "ከእንግዲህ ቧንቧው የሴቶቹ ነው፤ ማንም አይናገረንም።"

"ቦራስ?" አለ አያ በለጠ።

"ቦራ ምን ሆኑ?"

ቦራ ከዳር ቆሞ ያሸት ነበር። ዙሪያውን ዞረ እንጂ አልረገጠውም። እትዬ የሺ ለምነው ለምነው አስገቡት። ረፋዱ ላይ ተኛበት። ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ግን እንደተረገጠ ሆኖ ዘሎ ተነሣ። እትዬ የሺ ሣሩን በመዳፋቸው ቢነኩት እንደ ጋለ ብረት ሆኗል። በማግሥቱ ሸናበት። መሬት ቢሆን ይመጠዋል፤ ይኼ ግን አቁሮ ያዘውና ፀሐይ ሲመታው ሽታው እስከ በረንዳው ድረስ መጣ። አያ በለጠ አንድ ባልዲ ውኃ አምጥቶ ደፋበት፤ አልለቀቀም፤ ሌላ ጨመረ።

"ለካስ ይኼም ይጠጣል" አሉ እትዬ የሺ፣ ጆሯቸውን እየጎተቱ።

ቀጥሎ ቦራ ጥግ ጥጉን መቆፈርና ማኘክ ጀመረ። አንድ ቀን አንገቱን ዘርግቶ ሲያስል እትዬ የሺ አግኝተውት ጣታቸውን ጉሮሮው ውስጥ ከተው አረንጓዴውን ክር ጎትተው አወጡለት። ጓድ ተፈሪ ያን ጊዜ እዚያው ነበር።

"እትዬ የሺ፣ ወይ ሣሩ ወይ ውሻው ነው። ማዘጋጃ ቤት ልንገራቸውና መርዝ በሥጋ አድርገው…"

"ዝም በል!" አሉት። እንዲያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። "ልጅ ነህና አልሰማሁህም። ድገመውና ግን ትሰማኛለህ።"

በኋላ ረገብ ብለው ተነጋገሩ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ቦራ ከወጥ ቤቱ ጀርባ እንዲታሰር ተስማሙ። ገመዱን በእጃቸው አሰሩለት። "ጥቂት ቀን ነው፤ ይታገሡኝ" አሉት። ቦራ ቀኑን ሙሉ ሲያላዝን ዋለ። እሳቸው መስኳን ከበረንዳ ላይ ቆመው ያያሉ፤ ግን አይረግጧትም። "ውኃውን ለሰው አተረፍኩ ብዬ ነበር፤ ምን እንደሆነ እንጃ ደስ አይለኝም" አሉኝ።

በዚህ መካከል ነው ያቺ ሴት የመጣችው።

ያን ሰሞን ከኩልመስክ በኩል የሚመጣው መንገድ ሰው በሰው ሆኖ ነበር። አቅም ያለው ከተማውን አልፎ ይሄዳል፤ የደከመው ከሆቴላችን ቁልቁል ባለው ባዶ የእህል መጋዘን ሲሚንቶ ላይ ይወድቃል። ሴትዮዋ ሕፃን አዝላ፣ አንዲት አጥንቷ የወጣ በግ በገመድ እየሳበች፣ ከመንገዱ ተነጥላ ወደ አጥራችን ወጣች። ለብቻዋ ስትስቅ አየኋት። ከታች ሆና አረንጓዴውን አይታ ነው።

"እመቤቴ፣ እኔስ አልለምንም። ለበጌ አንድ ጭብጥ ሣር ትሰጪኝ እንደሁ ብዬ ነው። እሷ ብቻ ናት የቀረችኝ" አለች።

እትዬ የሺ ከበረንዳው ወረዱ።

"እታለም፣ ይኼ ሣር አይደለም።"

"ምነው እመቤቴ? በልቤ ቂም የለኝም፤ አይሆንም በይኝ እንጂ ዓይኔ እያየ ሣር አይደለም አትበይኝ።"

"ላሊበላን! ላስቲክ ነው። ነይ ግቢና ንኪው።"

ሴትዮዋ ገባች። ተንበርክካ በሁለት እጇ ዳበሰችው። በጊቱም አፏን አስገብታ ነጨች፤ ደግማ ነጨች፤ ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች። ሴትዮዋ እጇን አሸተተችው። አላለቀሰችም። ቀና ብላ እትዬ የሺን አየቻቸውና፣ "ለምን ይኼን ሠራችሁ?" አለች። ስድብ አልነበረም፤ ልታውቅ ፈልጋ ነው።

እትዬ የሺ ሕፃኗን ከሴትዮዋ ጀርባ ተቀበሉና ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። ያን ዕለት ሴትዮዋ፣ ስሟ አስካለ ነው፣ ከሕፃኗ ጋር ወተት ጠጥታ ፍትፍት በላች፤ በጓም የጎመን ልጣጭና የካሮት ቅጠል ተሰጣት።

አስካለ ተኝታ ሳለ እትዬ የሺ ወጡና ሣሩ አጠገብ ቆሙ።

"በለጠ፣ ሞገስ፣ ኑ ያዙልኝ" አሉ አያ በለጠንና እኔን።

"ምኑን?"

"እንጠቅልለው።"

"እንግዶቹ እኮ ነገ ወዲያ…" አልኩ።

"ይመጡ እንጂ። ይኼ የራበውን ሰው ከመንገድ ጠርቶ የሚያሳፍር ነገር በእኔ በር ላይ አያድርም። ግን አይጣልም። እነዚያ እዚያ ሲሚንቶ ላይ በብርድ እያለቁ ነው፤ ይተኙበት።"

ጥቅሉን በትከሻችን ተሸክመን ቁልቁል ወረድን። የላስታን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሲሚንቶው ብርድ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። መጋዘኑ ውስጥ የነበሩትን ሕፃናትና አቅመ ቢሶች አንድ ባንድ እያነሣን ሣሩ ላይ አስተኛናቸው። እትዬ የሺ እንደ ሆቴሉ ፍራሽ መጀመሪያ እሳቸው ጋደም ብለው ሞከሩት። "ያሞቃል" አሉ። ወደ ላይ ስንመለስ የቦራን ገመድ ፈቱለት።

ጓድ ተፈሪ በማግሥቱ መጣ። ባዶውን መስክ ሲያይ ፊቱ አመድ ሆነ።

"የት አደረሱት? የመንግሥት ንብረት ነው እኮ!"

"መጋዘኑ ውስጥ ነው። ሰው ተኝቶበታል።"

"ዛሬውኑ ይመለስ! እትዬ የሺ፣ እርስዎንም እኔንም ያስበላናል።"

"እኔ አላነሣም። አንተ ውረድና ከጀርባቸው ሥር ሳበው።"

ወረደ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር። የበረንዳው ግንብ ላይ ተቀመጠና ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አደረገ።

"እኔም እኮ የልጆች አባት ነኝ" አለ።

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያላነሣኸው" አሉትና አጠገቡ ተቀመጡ።

እንግዶቹ በቀናቸው መጡ። ጠረጴዛውን በረንዳው ላይ ዘረጋን። ከፊታቸው ባዶ መሬት አለ፤ መሬቱ ላይ ቦራ ተጋድሟል፤ ከአጠገቡ የአስካለ በግ የጎመን ቅጠሏን ታኝካለች። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው፣ ይኼ ቦታ ለምን እንዲህ እንደ ደረቀ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ለእትዬ የሺ ነገርኳቸው። ጓድ ተፈሪ ጫማውን ያያል።

እትዬ የሺ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ዝናብ ቀርቶብን ነው በለው። ሰዎች እዚህ ታች ተኝተዋል። ከፈለገ ከምሳው በፊት ላሳየው።"

እንዳሉት አድርጌ ተናገርኩ። በረንዳው ላይ ሹካ ሲቀመጥ ይሰማ ነበር። ሰውዬው ተነሣ። አንዲት ሴት ተከተለችው። የቀሩት ተቀምጠው ቀሩ። እትዬ የሺ ፊት ፊት፣ ቦራ ከኋላቸው፣ ቁልቁል ወረዱ። ሰውዬው ሲመለስ ምሳውን አልበላም። ከዚያ ወዲያ ለማን ምን እንደ ተናገረ አላውቅም። በዚያው ወር ወደ መጋዘኑ እህል መጣ፤ በእሱ ምክንያት ነው ለማለት ግን ማስረጃ የለኝም። እህሉ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ሰው ቀብረናል።

እትዬ የሺን ወደ ወልድያ ወስደው መረመሯቸው። ሲመለሱ ካኪያቸው ሰፍቷቸው ነበር። የደረሰባቸውን ለማንም አልተናገሩም። ከሥራ አስኪያጅነት ተነሥተው ደሴ በአንድ ሆቴል የልብስ አጣቢዎች ኃላፊ እንዲሆኑ ተወሰነ። የባሰ ያልመጣው፣ ጓድ ተፈሪ "ሣሩን ለመጋዘኑ ያዋስኩት እኔ ነኝ" ብሎ ስለ መሰከረ መሆኑን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እሱም ብዙ ሳይቆይ ከቦታው ተነሣ።

የሚሄዱበት መኪና ሹፌር ጋቢና ውስጥ ቦታ ይዞላቸው ነበር፤ ውሻ ግን አላስገባም አለ።

"እንግዲያ እኛ ከላይ እንሆናለን" አሉና ጭነቱ ላይ ወጡ። ቦራን ከታች አቀበልኳቸው። ቧንቧው ጋ የነበሩት ሴቶች እንስራቸውን እንደያዙ ወደ መንገዱ ወጡ። አንዷ ጋቢዋን ከትከሻዋ አንሥታ ወደ ላይ ወረወረችላቸው። እትዬ የሺ ግማሹን ራሳቸው ለበሱና ግማሹን ቦራ ላይ ጣሉ። መኪናው ዞሮ ከዓይን ሲሰወር ሁለት ራስ ብቻ ነበር የሚታየው።

ዝናቡ ሲመለስ አስካለ ሕፃኗን አዝላ፣ በጓን ስባ ወደ አገሯ ገባች። ከዓመታት በኋላ ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ኩልመስክ ገበያ ላይ አገኘኋት። እኔ አላወቅኋትም፤ እሷ ናት ያወቀችኝ። አጠገቧ የቆመችውን ልጅ ትከሻ ይዛ፣ "ይቺ ናት" አለችኝ። ከዚያ ስለ እትዬ የሺ ጠየቀችኝ። ደሴ መሆናቸውን ስነግራት ቆየኝ ሳትል ለሽያጭ ካመጣቻቸው በጎች መካከል ገብታ አንዲት ጠቦት ይዛ መጣች።

"የዚያች በግ የልጅ ልጅ ናት። አድርስልኝ" አለች።

"አስካለ፣ በግ ይዤ ደሴ እንዴት እገባለሁ?"

"እንደምትገባ ግባ" አለችና ገመዱን እጄ ላይ አስያዘችኝ።

ጠቦቷን በጭነት መኪና ይዤ ደሴ ስገባ ክረምት ነበር። እትዬ የሺ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ጠጉራቸው ነጥቷል፤ እጃቸው ከሳሙናው የተነሣ ተሰነጣጥቋል። ቦራ አርጅቶ ደጃፉ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ጅራቱን ሁለቴ መታ አድርጎ ተወው። ጠቦቷን ሲያዩ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። የማን መሆኗን ስነግራቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው እንባ ሆነና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

"ሕፃኗስ?" አሉኝ።

"አድጋለች። ወገቤ ድረስ ናት።"

"ወገብህ ድረስ?" አሉና እጃቸውን አየር ላይ አንሥተው ቁመቷን ለኩ። "ተነሥ፣ ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ይቺ ምን ትበላለች?"

ገመዱን ተቀብለውኝ በጓሮው በር ወጡ። ከቤቱ ጀርባ ያለው ተዳፋት እስከ ጉልበት በደረሰ ሣር ተሸፍኗል። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ጠቦቷ አንገቷን ደፍታ መንጨት ጀመረች። እትዬ የሺ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ያዩዋታል።

"እትዬ የሺ፣ ይግቡ እንጂ፤ ይመታዎታል!" ብዬ ከበሩ ላይ ጮህኩ።

እጃቸውን ወደ ኋላ አወናጨፉብኝ። ዝናቡ በረታ። እሳቸው አልተነሡም።